ምራቃችንም የእንግዴ ልጁም ይመሰክራሉ፦ «በደማችን ያለው የቫይረስ ቆሻሻ» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት ከክፍል ስወጣ አንዲት ተማሪዬ ጠብቃኝ ስልኳን ሰጠችኝ። «ቲቸር፣ ይሄን አንብበውታል?» አለችኝ። «በደማችን ያለው የቫይረስ ቆሻሻ» የሚል ጽሑፍ ነው። እዚያው ቆሜ አነበብኩት። ማታ ቤቴ ገብቼ ደገምኩት። ባዮሎጂ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ስለ ጂን በአማርኛ እንዲህ ለዛ ባለው ቋንቋ ሲጻፍ ያየሁት ግን ጥቂት ጊዜ ነው። ለዚህ ጸሐፊውን ከልቤ አመሰግናለሁ። በይዘቱ ግን አልስማማም። አንዱ ነጥብ ደግሞ ሰው ይጎዳል፤ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ላላነበባችሁ ባጭሩ ላስቀምጠው። ከሰው ልጅ ዲኤንኤ 8 ከመቶ ያህሉ ከጥንት ቫይረሶች የተረፈ ነው ይላሉ ጸሐፊው። ይህ ክፍል ሬሳ ነው፣ ሥራ የለውም። ሴሎቻችን ሁሉ አንድ ዓይነት ዲኤንኤ ስላላቸው ቅሪቱ የጉበትን ሴል ከአንጎል ሴል ሊለይ አይችልም። ሳይንቲስቶች «ይሠራል» የሚሉት ጫጫታ ሰምተው ነው። ከነቃ ደግሞ ካንሰር ያመጣል፤ ስለዚህ በአሳማ ላይ እንደተደረገው ከሰውም ተቆርጦ መውጣት አለበት። ማሳረጊያው ላይ ኤችአይቪም በዚሁ መንገድ ከእናት ወደ ልጅ «በዘር ይወረሳል» ይላሉ።

በየተራ ልሂድ። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

«ሬሳ ነው» ከሚለው ልጀምር። የ8 ከመቶው ቁጥር ልክ ነው። የሰው ጂኖም፣ ማለትም የዲኤንኤው ሙሉ ጽሑፍ፣ የመጀመሪያ ረቂቁ በ2001 ከታተመ ጀምሮ ይታወቃል። ፕሮቲን ለመሥራት የሚያገለግለው የዲኤንኤ ክፍል 2 ከመቶ እንኳ አይሞላም። የቫይረሶቹ ቅሪት ከእሱ ከአራት እጥፍ በላይ ነው ማለት ነው። ግን እነዚህ ቫይረሶች እንዴት ገቡ? ይህን ጸሐፊው አልነኩትም፤ መልሱ ያለው ግን እዚያ ነው።

ሬትሮቫይረስ የሚባሉት ቫይረሶች የዘር መልእክታቸው የዲኤንኤ ዘመድ የሆነው አርኤንኤ ነው። ሴል ውስጥ ሲገቡ መልእክቱን ወደ ዲኤንኤ ይገለብጡታል። ከዚያ በሴሉ ዲኤንኤ መሃል ይሰኩታል። ግልበጣውን የሚሠራውን ኢንዛይም ሃዋርድ ቴሚንና ዴቪድ ባልቲሞር በ1970 በየፊናቸው አገኙት፤ በ1975ም ከሬናቶ ዱልቤኮ ጋር ኖቤል ተሸለሙ። አሁን ቫይረሱ የገባው የደም ሴል ውስጥ ሳይሆን ለእንቁላል ወይም ለወንድ ዘር መነሻ የሆነ ሴል ውስጥ ነው እንበል። ከዚያ የሚወለደው ልጅ የተሰካውን ቁራጭ በሁሉም ሴሎቹ ይዞ ይወለዳል። ለልጁም ያወርሰዋል። በቅድመ አያቶቻችን ላይ ይህ በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ደጋግሞ ደርሷል። የጥንት ታሪክ ብቻም አይደለም። አውስትራሊያ ውስጥ ኮዋላ በሚባለው እንስሳ ላይ ዛሬም እየሆነ ነው። በሰሜን ያሉት ቫይረሱን በዘር ይዘውት ይወለዳሉ፤ በደቡብ ያሉት ዘንድ ገና አልተዳረሰም።

ዋናው ነገር ግን የቫይረሱ ጫፍ ነው። ሬትሮቫይረስ የራሱ ማንበቢያ መሣሪያ የለውም። የሴሉን መሣሪያ «ና፣ እዚህ ጋ አንብብ» ብሎ መጥራት አለበት። ይህን ጥሪ የሚይዘው በሁለቱም ጫፎቹ ላይ ያለ፣ ጥቂት መቶ የዲኤንኤ ፊደል የሚረዝም ተደጋጋሚ ቁራጭ ነው። ባለሙያዎቹ ኤልቲአር ይሉታል። እኔ ለተማሪዎቼ ማብሪያ ማጥፊያ እላቸዋለሁ። ዘመን ሲያልፍ ሁለቱ ጫፎች ተመሳሳይ ስለሆኑ እርስ በርስ ይጋጠሙና የመሃሉ ክፍል ተቆርጦ ይወድቃል። አንድ ጫፍ ብቻ ይቀራል። በእኛ ዲኤንኤ ውስጥ ካሉት የቫይረስ ቅሪቶች 90 ከመቶ ያህሉ እንዲህ ብቻቸውን የቀሩ ጫፎች ናቸው።

ቫይረሱ ሞቷል፣ በዚህ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን። የቀረው ግን ማብሪያ ማጥፊያው ነው። አጠገቡ ያለውን የእኛን ጂን ማብራት የሚከለክለው ነገር የለም።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጽሑፉ የተሳሳተው ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። «ዲኤንኤው አንድ ከሆነ ቅሪቱ ሴልን ከሴል አይለይም» ይላሉ። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። የጉበትም የአንጎልም ሴል ያው አንድ መጽሐፍ ይዟል። የሚለያዩት በሚያነቡት ገጽ ነው። ገጹን የሚመርጡት ደግሞ ዲኤንኤ ላይ የሚያርፉ ልዩ ፕሮቲኖች ናቸው። እያንዳንዱ ፕሮቲን የሚያርፍበት የራሱ አጭር የፊደል ቅደም ተከተል አለው። ኤልቲአሩ ያን ቅደም ተከተል ከያዘ፣ ፕሮቲኑ ባለበት ሴል ውስጥ ይነቃል። ፕሮቲኑ በሌለበት ሴል ውስጥ ይተኛል። ያው አንድ ቁራጭ እዚህ በርቶ እዚያ ይጠፋል። ስለዚህ «ይሠራል ወይስ አይሠራም?» ብሎ መጠየቅ አያዋጣም። «የት ሴል ውስጥ? መቼ?» ነው መባል ያለበት።

በምራቅ እንጀምር። ዳቦ አፍ ውስጥ ይዛችሁ ሳትውጡ ብትቆዩ ይጣፍጣል። ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቆርጠው አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ይህን ኢንዛይም ቆሽትም ይሠራዋል፣ ከጆሮ ሥር ያለው የምራቅ ዕጢም ይሠራዋል። ጂኖቹ ግን የተለያዩ ቅጂዎች ናቸው። ከምራቁ ጂን ፊት ለፊት የሬትሮቫይረስ ቅሪት ተሰክቶ ይገኛል። በ1992 የታተመ ሥራ ላይ ተመራማሪዎች ይህን ቁራጭ ወስደው በአይጥ ውስጥ ፈተኑት። ከቁራጩ ጋር የተያያዘው ጂን ተመርጦ የነቃው በምራቅ ዕጢ ውስጥ ነው። በእርግጥ አይጥ ራሷ ያለዚህ ቅሪት በምራቋ አሚሌዝ አላት፤ ተፈጥሮ ወደ አንድ ቦታ የምትደርስበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። በእኛ ጂን ፊት የተሰካው ግን የቫይረስ ቁራጭ ነው፤ ዕጢ ለይቶ ማንቃት እንደሚችልም በሙከራ ታይቷል። አዮዲንና ስታርች ይዘን በክፍል ስንሠራ ለተማሪዎቼ ይህን ሳልነግራቸው አላልፍም።

ከምራቅ የበለጠ ግልጽ የሆነው ፕሮላክቲን ነው። ፕሮላክቲንን የምናውቀው የእናት ጡት ወተት እንዲያመርት በሚያደርግ ሆርሞንነቱ ነው። የሚወጣው ከአንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ዕጢ ነው። በእርግዝና ጊዜ ግን የማህፀን ውስጠኛ ግድግዳም ይሠራዋል። ጂኑ አንድ ነው። ፒቱታሪ ውስጥ ንባቡ የሚጀምረው ከተለመደው ቦታ ነው። ማህፀን ውስጥ ግን ወደ 6 ሺህ ፊደል ያህል ወደ ኋላ ሄዶ፣ ኤምኢአር39 ከሚባል የጥንት ቫይረስ ጫፍ ላይ ይጀምራል። አንድ ጂን፣ ሁለት በር። አንደኛውን በር የከፈተው ቫይረስ ነው። ይባስ የሚገርመው፣ በአይጥና በዝሆን ሌሎች ተዘዋዋሪ የዲኤንኤ ቁራጮች ለየብቻቸው ገብተው ያንኑ ሥራ ይዘዋል። ጸሐፊው «ሴልን ከሴል አይለይም» ሲሉ እጅግ የማዝነው በዚህ ምክንያት ነው። ሴልን ከሴል ለይቶ ጂን ማብራት ማለት ከዚህ ሌላ ምን ሊሆን ነው?

እትብታችን የተቀበረበትን ቦታ በስስት የምናስብ ሰዎች ነን። እትብቱን ከእናት ጋር የሚያገናኘው የእንግዴ ልጅ እንዴት እንደሚሠራ ግን ብዙም አናወራም። የእንግዴ ልጅ ላይ የእናትንና የፅንሱን ደም የሚለይ ስስ ሽፋን አለ። ይህ ሽፋን የሚሠራው ብዙ ሴሎች ግድግዳቸውን አፍርሰው አንድ ላይ ሲዋሃዱ ነው። የሚያዋህዳቸው ፕሮቲን ሲንሲቲን ይባላል። በ2000 እንደታወቀው ሲንሲቲን ከጥንት ሬትሮቫይረስ የተወረሰ ፕሮቲን ነው። ቫይረሱ ከሴል ጋር ለመዋሃድ ይጠቀምበት የነበረውን ነው እኛ ለፅንስ የምንጠቀምበት። ጂኑን የሚያበራው ደግሞ የራሱ የቫይረሱ ኤልቲአር ነው፤ በእንግዴ ልጅ ሴሎች ውስጥ ያለ ጂሲኤም1 የሚባል ፕሮቲን ሲያርፍበት ይነቃል። አይጦች ከሌላ ቫይረስ የወሰዱት የራሳቸው ሲንሲቲን አላቸው። ከአይጦቹ አንደኛውን ሲንሲቲን ተመራማሪዎች ሲያጠፉት ፅንሶቹ በእርግዝናው አጋማሽ ሞቱ። ይህን ቁራጭ ቆሻሻ ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም።

ሦስተኛው ነጥብ «ጫጫታ ነው» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ መንገድ ልክ ናቸው፤ ይህን ሳልመሰክር ማለፍ ተገቢ አይሆንም። በ2012 ኢንኮድ የሚባለው ትልቅ ፕሮጀክት «80 ከመቶው ጂኖም ሥራ አለው» ብሎ ሲያውጅ ብዙ ባለሙያዎች ተቃውመዋል፤ ተቃውሟቸውም ተገቢ ነበር። አንድ የዲኤንኤ ቁራጭ ላይ ፕሮቲን ማረፉ ብቻ ሥራ አለው አያሰኝም። በ2019 በአይጥ ግንድ ሴሎች (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ በሚችሉ ሴሎች) ላይ የተሠራ ጥናትም ይህንኑ አሳይቷል። የማብሪያ ምልክት የተገኘባቸው ብዙ የቫይረስ ጫፎች ሲዘጉ በአካባቢያቸው ያሉት ጂኖች ብዙም አልተለወጡም። ለውጥ ያመጡት ጥቂቶቹ ናቸው።

ግን ከ«ብዙዎቹ አይሠሩም» ተነስቶ «አንዱም አይሠራም» ላይ አይደረስም። ማስረጃው የሚገኘው ቁራጩን አውጥቶ ምን እንደሚጎድል በማየት ነው። ይህ ደግሞ ተደርጓል። በ2016 በዩታ ዩኒቨርሲቲ ኤድዋርድ ቹኦንግ፣ ኔልስ ኤልዲና ሴድሪክ ፌሾት ያሳተሙትን ሥራ እንውሰድ። ሰውነታችን በሽታ አምጪ ሲገባበት ኢንተርፌሮን የሚባል የማንቂያ ደወል ያሰማል። ደወሉን የሰማ ሴል የመከላከያ ጂኖቹን ያበራል። ተመራማሪዎቹ ከእነዚህ ጂኖች አጠገብ ኤምኢአር41 የሚባል የቫይረስ ቅሪት ደጋግሞ እንደሚገኝ አዩ። ይህ ቫይረስ ወደ ቅድመ አያቶቻችን የገባው ከ45 እስከ 60 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ቅሪቱ ላይ ደወሉን የሚያደርሰው ፕሮቲን የሚያርፍበት ቦታ አለ። ከዚያ ክሪስፐር በሚባለው የጂን መቁረጫ ኤአይኤም2 ከተባለው ጂን አጠገብ ያለውን አንዱን ቅሪት ቆርጠው አወጡት። ኤአይኤም2 ሴል ውስጥ የገባ ባዕድ ዲኤንኤን የሚያሸት ጠባቂ ነው። ቅሪቱ ሲወጣ ደወሉ ቢደወልም ጠባቂው እንደ ወትሮው አልነቃም። ጥንት ያጠቃን ቫይረስ ማብሪያ ዛሬ ቫይረስን ለመከላከል ያገለግለናል።

የፅንስ የመጀመሪያ ቀናትም አሉ። የሰው ፅንስ ስምንት ሴል ሲሆን ኤችኢአርቪኬ የሚባለው ቅሪት ይነቃል። በ2018 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የእሱን ጫፎች በአንድነት ሲያበሩና ሲያጠፉ 275 የሰው ጂኖች አብረው ከፍና ዝቅ አሉ። ይህ በአጋጣሚ የሚሰማ ጫጫታ ቢሆን ኖሮ ማብሪያውን ተከትሎ እንዲህ አይታዘዝም።

«ከነቃ ካንሰር ያመጣል» የሚለው አራተኛው ነጥብ ከባዶ የመጣ አይደለም። ሆጅኪን ሊምፎማ የሚባል የደም ካንሰር አለ። በ2010 እንደታተመው፣ በዚህ ካንሰር ውስጥ ቲኤችኢ1ቢ የተባለ የቫይረስ ጫፍ ተከፍቶ፣ ሲኤስኤፍ1አር የሚባል ጂን ያለ ቦታው ያበራል። ይህ ጂን የሚሠራው ባክቴሪያ በሚውጡት ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ነው፤ ካንሰሩ በሚነሳበት፣ ቢ ሴል በሚባለው ሌላ ዓይነት ነጭ የደም ሴል ውስጥ መብራት አልነበረበትም። እዚህም ጥያቄው «የት?» እንደሆነ ልብ በሉ። ችግሩ የተፈጠረው ቅሪቱ ስላለ ብቻ አይደለም። ጠባቂው ስለለቀቀው ነው።

ጠባቂ ስል ምን ማለቴ ነው? ሴሎቻችን እነዚህን ማብሪያዎች የሚያፍኑበት ሥርዓት አላቸው። ዚንክ ፊንገር የሚባሉ ፕሮቲኖች ቅሪቱን በፊደሉ ይለዩታል፣ ሌሎች ፕሮቲኖችን ይጠራሉ፣ ዲኤንኤው ተጠቅልሎ ይዘጋል። ሜቲል የሚባል ትንሽ ኬሚካል ፊደሉ ላይ ሲለጠፍም መዝጊያው ይጠብቃል። አጉቲ የተባሉትን አይጦች ብታዩ ነገሩ ወለል ብሎ ይታያችኋል። ዲኤንኤያቸው አንድ ነው። ከቀለም ጂናቸው ፊት የቫይረስ ቁራጭ ተሰክቷል። ሜቲሉ ሲሳሳ ቁራጩ ይነቃና አይጧ ቢጫና ወፍራም ትሆናለች። ሜቲሉ ሲበዛ ቁራጩ ይተኛና ቡናማ ሆና ታድጋለች። እህትማማቾች ናቸው፣ ጂናቸው አንድ፣ መልካቸው ግን ሌላ።

ወደ አሳማው እንመለስ። ጸሐፊው በ2017 የተወለዱትን፣ 25 የቫይረስ ቅጂዎች የተሰናከሉባቸውን የአሳማ ግልገሎች ለአብነት አቅርበዋል። ታሪኩ እውነት ነው። የተፈለገው የአሳማ አካል ለሰው ሲተከል ሕያው ቫይረስ እንዳይተላለፍ ነው። ግን ተመራማሪዎቹ ያሰናከሉት ቫይረሱ ራሱን የሚያባዛበትን ጂን ነው። 8 ከመቶ ዲኤንኤ ቆርጠው አልጣሉም። በሰው ላይ ሁሉንም ቅሪት እናውጣ ቢባል ሲንሲቲንም፣ የማህፀኑ የፕሮላክቲን በርም፣ የኤአይኤም2 ማብሪያም አብረው ይሄዳሉ። እንዲህ ያለ ፅንስ የእንግዴ ልጅ ይኖረዋል ብዬ አላምንም።

አሁን ወደ መጨረሻው ነጥብ ልምጣ። ብዕር ያነሳሁት ለእሱ ነው። «ኤችአይቪ በዘር ይወረሳል» የሚለው ስህተት ነው። ተማሪዬም ስልኩን ከሰጠችኝ በኋላ የጠየቀችኝ ስለ 8 ከመቶው አልነበረም። «እና ቲቸር፣ በሽታው ያለባት ሴት መውለድ የለባትም ማለት ነው?» ነበር ያለችኝ።

ኤችአይቪ ሬትሮቫይረስ ነው። ዲኤንኤ ውስጥ ይሰካል። እስከዚህ ትክክል ነው። የሚሰካው ግን በዋናነት ሲዲ4 በሚባሉት የደም ነጭ ሴሎች ውስጥ ነው። በሰው የዘር መስመር ውስጥ ገብቶ እንደ ጂን የሚወረስ አይደለም። ልጅ ቫይረሱን ከእናቱ ሊያገኝ የሚችለው በእርግዝና፣ በምጥ ወይም በጡት ማጥባት ጊዜ ራሱ ቫይረሱ ሲተላለፍበት ነው። ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ አይደለም። ጂን ቢሆን ኖሮ ማስቆሚያ አይኖረውም ነበር። ቫይረስ ስለሆነ ግን በመድኃኒት ይቆማል።

ስለ ማብሪያ ማጥፊያው ያወራነው ሁሉ እዚህም ይሠራል። ኤችአይቪም ኤልቲአር አለው። እሱ ላይ ኤንኤፍ ካፓ ቢ የሚባል ፕሮቲን ያርፋል፤ ይህን በ1987 ካሳዩት አንዱ ያው ዴቪድ ባልቲሞር ነው። በአገራችን በብዛት የሚገኘው ሲ የተባለው የቫይረሱ ዝርያ ብዙውን ጊዜ ሦስት እንዲህ ያሉ ማረፊያዎች አሉት። በአውሮፓና በአሜሪካ የተለመደው ቢ ዝርያ ሁለት ነው ያለው። ሴሉ ሲያርፍ ፕሮቲኑ ከዲኤንኤው ይርቃል፣ ቫይረሱም ተሰክቶ ይተኛል። ሴሉ ለሥራ ሲነሳ ፕሮቲኑ ይመጣል፣ ቫይረሱም ይነሳል። በምርመራ ቫይረሱ የማይታይ ሰው መድኃኒቱን ማቋረጥ የሌለበት ለዚህ ነው። መድኃኒቱ የሚባዛውን ቫይረስ ይገታል፤ ተሰክቶ የተኛውን ግን አያወጣውም። መድኃኒቱ ሲቆም የተኛው ተነስቶ ይባዛል።

ቁጥሩንም ልናገር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ምንም ዓይነት ክትትል ከሌለ ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ከ15 እስከ 45 ከመቶ ነው። በተገቢው ሕክምናና ክትትል ከ5 ከመቶ በታች ይወርዳል። መድኃኒቷን ሳታቋርጥ የምትወስድ እናት፣ የጤና ባለሙያ እየተከታተላት፣ ልጅ ትወልዳለች፣ ጡቷንም ታጠባለች። ለተማሪዬ የመለስኩላት ይህንን ነው።

ጸሐፊውን አንድ ነገር እለምናለሁ። የቀረውን ነጥብ ሁሉ ልንከራከርበት እንችላለን፣ ደስም ይለኛል። ያን የመጨረሻ አንቀጽ ግን ዛሬውኑ ያርሙት። ውጤቷን በእጇ ይዛ «ልውለድ ወይስ አልውለድ» እያለች የምታስብ ሴት ልታነበው ትችላለች።